ካሜራው ይታያል፣ ግን ይቀዳል? የጥበቃ መሣሪያዎች ጥገና በጅማ

ንብረት ክፍል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ጅማ ከተማ ስላለ አንድ የቡና መጋዘንና አብሮት ስላለ ቢሮ ነው። 16 ካሜራ ምስሉን ከሚቀዳው መሣሪያ ከነዲቪአሩ፣ በሲም ካርድ የሚደውል ማንቂያ እና በግቢው ዙሪያ የኤሌክትሪክ አጥር አለ። ከተገጠሙ 2 ዓመት አልፏቸዋል። ገጣሚዎቹ በየ3 ወሩ ፍተሻ ያለበት የጥገና ውል አቅርበዋል፤ ከላይ ያሉት ደግሞ «ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ አጥሩም ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ምኑ ነው የሚጠገነው?» ይላሉ። ፍተሻ ሲባል በትክክል ምን ምን ይታያል? ከዚያ ውስጥስ በእኛው ሠራተኛ የሚሠራው የቱ ነው?

አባ ሽቦ፦
ስክሪን ላይ መታየቱ ካሜራው መብራት እንዳገኘ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ሃርድ ዲስኩ የሞተ ዲቪአርም 16ቱንም ምስል ጥርት አድርጎ ያሳያል። ዲስኩ ሲበላሽ የሚያሰማው ጩኸት አለ፤ ግን አብዛኛው ቦታ ላይ «ረበሸን» ተብሎ ከሴቲንጉ ጠፍቷል። መጀመሪያ እሱን አብሩት።

ከዚያ ወደ ኋላ አጫውቱ። የትናንት ማታ 3 ሰዓት፣ የዛሬ ሳምንት፣ በመጨረሻም ዲቪአሩ አለኝ የሚለው አሮጌው ቀን። በእያንዳንዱ ላይ 16ቱን ቻናል አንድ በአንድ ክፈቱ፤ 14ቱ ቀድቶ 2ቱ ባዶ የሆነበት ብዙ ነው። የ5 ደቂቃ ቅጂ ወደ ፍላሽ አውጡና በሌላ ኮምፒውተር ላይ መከፈቱን እዩ። ብዙ ዲቪአር ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው ፎርማት ካልሆነ አይቀበልም፤ ይህንን ፖሊስ ቅጂ በጠየቀበት ቀን ከማወቅ ዛሬ ማወቅ ይሻላል።

አሮጌው ቀን የት እንደሚደርስ በስሌትም ይታወቃል። አንድ ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ በሴኮንድ 4 ሜጋ ቢት ከተመደበለት በቀን 43 ጊጋ ባይት ይፈጃል። 16 ካሜራ 690 ጊጋ ባይት ገደማ ማለት ነው፤ ባለ 4 ቴራ ዲስክ 6 ቀን አይሞላም። መጋዘን ውስጥ የጎደለ ጆንያ የሚታወቀው በቆጠራ ነው፤ ቆጠራው በየ15 ቀኑ ከሆነ ቅጂው ከመፈለጉ በፊት በላዩ ላይ ተቀድቶበታል። መሣሪያው ኤች 265 የሚባለውን የምስል መጭመቂያ የሚችል ከሆነ ወደዚያ ቀይሩት፣ ቦታው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሰው የማያልፍባቸውን ካሜራዎች ደግሞ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዱ አድርጉ፤ በሩንና ሚዛኑን የሚያየውን ግን 24 ሰዓት ተዉት።

ዲስኩ ለካሜራ ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ዲስክ ሌት ተቀን መጻፍን አይችልም። ለካሜራ የተሠራውም ቢሆን ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው ዕድሜው፤ የእናንተ 2 ዓመት ስላለፈው ስማርት የሚባለውን የዲስክ ጤና ገጽ በየወሩ እዩት። የተበላሹ ሴክተሮች ቁጥር ከዜሮ ተነስቶ መጨመር ከጀመረ ቀይሩ፣ «ይድናል» ብላችሁ ፎርማት አታድርጉት።

ኮቺ ሰፈር፦
እዚህ ላይ ልጠይቅ። ቀን ቀን ጥሩ የሚያሳይ፣ ሲመሽ ግን ጥቁር የሚሆን፣ ሲነጋ ደግሞ ራሱ የሚመለስ ካሜራ አለ። ሁለቴ በአዲስ ተቀይሮ ያው ነው። ካሜራው ነው ወይስ ዲቪአሩ?

ፊዩዝ፦
ሁለቱም አይደሉም፣ ገመዱ ነው። ካሜራው ሲመሽ በጨለማ የሚያይበትን የኢንፍራሬድ መብራቱን ያበራል፤ ቀን 0.2 አምፒር የሚወስደው ማታ 0.5 ይወስዳል። ለካሜራው ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው የኔትወርክ ገመድ አንድ ጥንድ ብቻ ከሆነ፣ እያንዳንዷ ቀጭን ሽቦ በኪሎ ሜትር 84 ኦም ገደማ አላት። 40 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 80 ሜትር ነው፣ ማለትም 6.7 ኦም። ቀን 1.3 ቮልት ይጠፋል፣ ካሜራው 10.7 አግኝቶ ይሠራል። ማታ 3.4 ቮልት ይጠፋል፣ 8.6 ይቀረዋል፤ ይጠፋል ወይም እየጠፋ ይነሳል። አዲስ ካሜራ ቢገዛለት ምን ይፈይዳል?

መፍትሔው ርካሽ ነው። ገመዱ 4 ጥንድ አለው፤ አንዱን ለምስል ተዉና ሦስቱን ለኤሌክትሪክ አውሉት፤ ከየጥንዱ አንድ አንድ ሽቦ ለፖዘቲቭ፣ የቀሩትን ሦስቱን ለኔጌቲቭ ለየብቻ ጠምዝዟቸው። ብክነቱ ወደ 1.1 ቮልት ይወርዳል። ልኬቱን ውሰዱ ግን በማታ፣ ካሜራው ጫፍ ላይ፣ መብራቱ በርቶ እያለ። ከ10.5 ቮልት በታች ካገኛችሁ ሥራ አለ። ፓወር ሰፕላዩ አጠገብ የሚለካ ሰው ሁልጊዜ 12 ቮልት አግኝቶ «ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል።

ሌላው፣ ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ገመድ ብዙው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ ከላይ ያለው ስሌት ከግማሽ በላይ ይብስበታል። ሁለት ሦስቴ ሲታጠፍም ይሰበራል።

አዌቱ ዳር፦
ፊዩዝ ትክክል ነው፤ የጅማን ነገር ግን አትርሱ። እዚህ ዝናቡ ሰኔን አይጠብቅም፣ መስከረም ሲጠባም ቀጥ አይልም። ለካሜራ ብልሽት ከሚደረግ ጥሪ አብዛኛው የሚመጣው ውኃ ከገባበት ማያያዣ ነው። ቢኤንሲ የሚባለው የምስሉ ጃክና የመብራቱ ጃክ በናስትሮ ተጠቅልለው ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላሉ። ናስትሮ ውኃ አያግድም፣ የገባውን ይዞ ያስቀራል። ከፍታችሁ አረንጓዴ ዝገት ካያችሁ አትጥረጉት፤ ጃኩን ቆርጣችሁ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ አዲስ አድርጉበት፣ ምክንያቱም ውኃው በገመዱ ሹራብ ውስጥ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ማያያዣው ስካቶላ (የገመድ ሳጥን) ውስጥ ይግባ። የስካቶላው ገመድ መግቢያ ወደ ታች ይዙር። ገመዱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ወርዶ እንደገና ይውጣ፣ ጠብታው እዚያ ይወድቃል። ሲሊኮን ከላይና ከጎን ይቀባል፤ ከታች ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ግን አትድፈኑ። ሁሉንም ደፍኖ እርጥበቱን ውስጥ ማፈን ነው ብዙ ካሜራ የገደለው። መስታወቱ ከውስጥ ጭጋግ ካበጀ ፀሐይ ባለበት ቀን ከፍታችሁ አድርቁ፣ ሲሊካ ጄል አንድ ከረጢት ጨምሩ፣ ጎማውን እዩት። ጎማው ከተሰነጠቀ ጭጋጉ በሳምንት ውስጥ ይመለሳል።

ሰጦ፦
ማታ ማታ ነጭ ክር የሚወዛወዝበትስ? ስልካችን ላይ «እንቅስቃሴ አለ» የሚል መልእክት ሌሊቱን ሙሉ ይጎርፋል።

አዌቱ ዳር፦
ሸረሪት። የኢንፍራሬዱ መብራት ነፍሳትን ይስባል፣ ነፍሳቱ ሸረሪትን። በረጅም እንጨት ላይ በታሰረ ለስላሳ ብሩሽ በየ2 ሳምንቱ ይነሳ፤ ይህንን የግቢው ጥበቃ ይሠራዋል። መስታወቱ ሲጸዳ ግን መጀመሪያ አቧራውን ንፉት፣ ከዚያ እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ። የቡና ገለፈት ብናኝ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ፕላስቲኩን ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረ የካሜራ ሽፋን ማታ ምስሉን ሙሉ ነጭ ያደርገዋል። አልኮልና በረኪና አይነካው።

በነገራችን ላይ መፈልፈያ ባለበት ግቢ ዲቪአሩን ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ አድርጉት። ማራገቢያው ብናኙን ይስባል። በኮምፕረሰር ሲነፋ ማራገቢያውን በጣት ወይም በስንጥር ያዙት፣ በነፋሱ ከልክ በላይ ከዞረ ኩሽኔታው ይሄዳል።

ጂሬን ቴክ፦
ስለ ማንቂያው ማንም አላነሳም። ውስጡ ያለችው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ናት የሁሉም ነገር መሠረት። ሌባ ሊገባ ሲል መብራት ያጠፋል፤ ካላጠፋም መብራቱ ራሱ ይጠፋል። በየ2 ዓመቱ ያለ ምንም ጥያቄ መቀየር ነው የምመክረው።

አባ ሽቦ፦
ጂሬን ቴክ፣ በቀን መቁጠሪያ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። መብራት በማይጠፋበት ቦታ 4 እና 5 ዓመት የምትቆይ አለች፤ መብራት በሚመላለስበት በዓመት ከመንፈቅ የምታልቅ አለች። የምትቀየረው በፈተና ነው። ፈተናው እንዲህ ነው፤ ስፒናውን ንቀሉ፣ ማንቂያው ለ4 ሰዓት በባትሪ ይሥራ፣ በመጨረሻ ሳይረኑን ለ10 ሴኮንድ አስጩሁና በዚያው ቅጽበት ባትሪው ላይ ለኩ። ጤነኛ ባትሪ ከ12 ቮልት እምብዛም አይወርድም። 11.5 ካሳየ አስወግዷት። ሳይረን ሳይጮህ ብቻ መለካት ያታልላል፤ የደረቀች ባትሪም ሥራ ፈትታ ስትቀመጥ 12.6 ታሳያለች።

መልሳችሁ ስትሰኩ ቻርጁን እዩ፦ ከ13.5 እስከ 13.8 ቮልት። 14.5 ካለ ቦርዱ ባትሪዋን እየቀቀላት ነው፣ ታብጣለች። ከ13 በታች ከሆነ ደግሞ በጭራሽ አትሞላም፣ አዲስም ብትገዙ ያው ነው።

ጂሬን ቴክ፦
ፈተናውን የሚያደርግ ሰው ካለ እስማማለሁ። ችግሩ ማንም አያደርገውም። ለዚያ ነው ቀን ቁረጡ የምለው። ቢያንስ የተገጠመችበትን ቀን በእስክሪብቶ ጀርባዋ ላይ ጻፉበት። ስትገዙም መዝኗት፤ እውነተኛ ባለ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከ2 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። አንድ ኪሎ ተኩል ከሆነች ውስጧ የተጻፈውን ያህል እርሳስ የለም።

የሲም ካርዱንም ነገር ላንሳ። ማንቂያው ጮኾ የማይደውልበት ዋናው ምክንያት ሂሳብ ማለቁ ወይም ለረጅም ጊዜ ሳይጠቀሙበት መስመሩ መዘጋቱ ነው። ወር በገባ በ1 ሂሳብ ይሞላ፣ በዚያው ቀን አንድ በር ተከፍቶ ይጩህ፣ በዝርዝሩ ያሉት ስልኮች ሁሉ መደወላቸው ይረጋገጥ። ከሥራ የለቀቀ ሰው ስልክ አንደኛ ተራ ላይ የተቀመጠበት ቦታ ይበዛል።

ኮቺ ሰፈር፦
ክረምት ላይ ማንቂያው ያለ ምክንያት የሚጮኸውስ? ጥበቃው ተሰላችቶ ያጠፋዋል።

ጂሬን ቴክ፦
የእንጨት በር ከሆነ በእርጥበት ያብጣል፣ የብረቱ ማጠፊያ ደግሞ ይዘቅጣል። በሩ ላይ ያለው ማግኔትና ፍሬሙ ላይ ያለው ጓደኛው ይራራቃሉ። ክፍተቱ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ነፋስ በገፋው ቁጥር ይጮኻል። በሩን አቅኑ፣ ካልሆነ ከማግኔቱ ሥር ስፔሰር አስገቡ። እንቅስቃሴ የሚያየው ሴንሰር ደግሞ ከ2.1 እስከ 2.4 ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን፣ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያና ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አይዙር። የገመዱ ቀዳዳ በሲሊኮን ይዘጋ፣ ጉንዳንና ሸረሪት ውስጡ ገብተው ነው የሚያስጮኹት። ገመድ አልባ ከሆነ ባትሪው ሲዳከምም ያለ ምክንያት መጮህ ይጀምራል።

የጠፋ ማንቂያ መዝገቡ ላይ ይታያል። መቼ ታጠቀ (በራ)፣ መቼ ተፈታ (ጠፋ)፣ በማን ኮድ። ጥበቃውን ከመውቀስ በፊት እሱን አንብቡ። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ኮድ ስጡ እንጂ አንድ ኮድ ለሁሉም አይሁን።

ፊዩዝ፦
ወደ መብራቱ ልመለስ። ብዙ ዲቪአር የሚቃጠለው መብራት ሲጠፋ አይደለም፣ ሲመለስ ነው። ሲመለስ ቮልቴጁ ዘሎ ይመጣል። ከስታብላይዘሩ ጋር አዘግይቶ የሚለቅ መኖሩን አረጋግጡ፣ 3 ደቂቃ ይበቃል። ዲቪአርና 16 ካሜራ አንድ ላይ ማታ 100 ዋት አካባቢ ይወስዳሉ እንበል። መብራት ሲጠፋ የምትተካው 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጧ አንድ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው ያላት፤ በተግባር 50 ዋት ሰዓት ብትሰጥ ነው። ግማሽ ሰዓት! ሌሊቱን የሚያሳድር ከፈለጋችሁ ኢንቨርተርና 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል፤ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 1,200 ዋት ሰዓት፣ ከኢንቨርተሩ ብክነት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ይሰጣል።

መብረቅም አለ። ውጭ ካሉ ካሜራዎች የሚመጣ ረጅም ገመድ ጉልበቱን ይዞ ዲቪአሩ ውስጥ ይገባል። በየመስመሩ መብረቅ መከላከያ ይደረጋል፣ ግን መከላከያው ከደህና መሬት (አፈር ውስጥ ከተቀበረ የብረት ዘንግ) ጋር ካልተያያዘ ጌጥ ነው። የመሬቱን ብሎን በዓመት አንዴ ፍቱት፣ ዝገቱን ፋቁት፣ መልሳችሁ አጥብቁት።

ጊቤ ማዶ፦
አጥሩን ለእኔ ተዉልኝ። «ጠቅ ጠቅ ይላል» ማለት ለሽቦው ኤሌክትሪክ የሚልከው ማሽን ይሠራል ማለት ነው እንጂ አጥሩ ይይዛል ማለት አይደለም። የአጥር ቮልት መለኪያ ግዙ፤ ተራ ቴስተር በዚህ ላይ ከተሞከረ ይቃጠላል። ማሽኑ አጠገብ ለኩ፣ ከዚያ ራቅ ባለው ጫፍ። ከ6 እስከ 9 ኪሎ ቮልት ጥሩ ነው። ጫፉ ላይ ከ4 በታች ከወረደ አንድ ቦታ ይፈሳል።

ጅማ ላይ የሚፈሰው ከሁሉ በፊት ወደ ቅጠል ነው። የአቮካዶ ቅርንጫፍ፣ የሙዝ ቅጠል፣ ግድግዳውን የሚወጣ ሐረግ። ሲደርቅ አይታወቅም፣ ዝናብ ሲነካው ነው ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያፈሰው፤ ስለዚህ የበጋ ልኬት አያስተማምንም። ከሽቦው በ30 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ምንም አይኑር፣ በክረምት በየ2 ሳምንቱ ይከርከም። ሲመሽ በአጥሩ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ ዙሩ፤ ብልጭታና ጢስ ጢስ የሚል ድምፅ ያለበት ኢንሱሌተር (ሽቦውን የሚይዘው) ተሰንጥቋል።

መሬቱ ደግሞ ቢያንስ 3 ዘንግ፣ እርስ በርስ 3 ሜትር ተራርቀው። ፈተናው ቀላል ነው። ማሽኑን አጥፉ፣ ከማሽኑ በሚርቀው ጫፍ ሽቦውን በብረት ዘንግ ወደ መሬት አጭሩት፣ አብሩና አጥሩ ከ2 ኪሎ ቮልት በታች መውረዱን እዩ። ከዚያ የመጨረሻው የመሬት ዘንግ ላይ ለኩ። ከ0.3 ኪሎ ቮልት በላይ ካገኛችሁ ዘንግ ጨምሩ። ይህንን መሬት ከቤቱ የመብራት መሬት ጋር አታገናኙት።

ከማሽኑ ወደ አጥሩ የሚወጣው ገመድ ለከፍተኛ ቮልት የተሠራ ይሁን። የቤት ሽቦ ልባሱ ይህንን አይችልም፣ በግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ እየተፋ ይሄዳል። መዳብን ከጋልቫናይዝድ ሽቦ ጋር በቀጥታ አትጠምዝዙ፣ እርጥበት ሲነካው መጋጠሚያው ይበላል፤ በማያያዣ ብሎን ይሁን።

ሰጦ፦
ጊቤ ማዶ፣ ቅጠሉን ለመከርከም ከቆጣሪው ማጥፋት ይበቃል?

ጊቤ ማዶ፦
አይበቃም! ማሽኑ ውስጥ ባትሪ አለ፣ መብራት ሲቋረጥ እሱ ይረከባል። በራሱ ቁልፍ ወይም ኮድ አጥፉት፣ መለኪያውን ሽቦው ላይ አድርጋችሁ ዜሮ መሆኑን እዩ፣ ከዚያ ንኩ። ኃይለኛ መብረቅ ሲመጣም ማሽኑን ከሶኬቱም ከአጥሩም ንቀሉት። እንዲሁም «ማሽኑ እስኪጠገን» ብሎ 220 ቮልት በቀጥታ አጥር ላይ የሚለቅ አለ። ማሽኑ በሴኮንድ አንዴ ለቅጽበት ብቻ ነው የሚመታው፣ ለዚያ ነው ሰው የማይገድለው። 220 ግን ይዞ ያስቀራል። የመጀመሪያው ሟች የጎረቤት ልጅ ነው የሚሆነው።

አባ ሽቦ፦
ሁለት ነገር ቀርቷል። አንዱ የዲቪአሩ ሰዓት። ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ዓመታት በፊት ይመለሳል፣ ቅጂው አለ ግን ፈልጎ የሚያገኘው የለም። ሲአር 2032 ናት፣ በ5 ደቂቃ ትቀየራለች። የሰዓት ቀጠናው ጂኤምቲ +3 ይሁን፣ ሰዓቱን በየወቅቱ የሚቀያይረው የበጋ ሰዓት (ዲኤስቲ) የሚለው ይጥፋ። አቤቱታ ላይ «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40» የተባለው መሣሪያው ላይ 02:40 ነው፣ ቀኑም በፈረንጅ ነው፤ ቅጂ ስታስረክቡ ሁለቱንም ጻፉበት፣ አለዚያ መርማሪው ሌላ ሌሊት ነው የሚያየው።

ሁለተኛው የይለፍ ቃል። በ2016 ሚራይ የተባለው ጥቃት ካሜራዎችንና ዲቪአሮችን የተቆጣጠረው ፋብሪካ በሰጣቸው ቃል እየገባ ነው። ቀይሩት። ዋናው ቃል በእናንተ እጅ፣ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ገጣሚው ብቻ የሚያውቀው ከሆነ እሱ ከተማ በለቀቀ ቀን ዲቪአሩ የእናንተ አይደለም።

ንብረት ክፍል፦
በጣም አመሰግናለሁ። ታዲያ በየ3 ወሩ ይሻላል ወይስ በዓመት? ውሉ ላይስ ምን ይጻፍ?

አዌቱ ዳር፦
ለቡና መጋዘን በዓመት ሁለቴ ከባድ ፍተሻ ይበቃል፣ ግን ወቅቱ ይመረጥ። አንዱ ሚያዝያ መጨረሻ፣ ዋናው ዝናብ ሳይጠና፦ ማያያዣዎች፣ ስካቶላዎች፣ የመሬት ዘንጎች፣ መብረቅ መከላከያ። ሌላው መስከረም መጨረሻ፣ ክረምቱ ያበላሸውን ለማንሳትና አዲሱ ቡና ከመግባቱ በፊት፦ ዲስክ፣ ባትሪ፣ ሴንሰር፣ በርና ማጠፊያ። በየ3 ወሩ የሚመጣ ሰው ካሜራ ጠርጎ ፊርማ አስፈርሞ ከሄደ ያው ከንቱ ነው። የየወሩን ማጫወት፣ የሲሙን ጥሪና የአጥሩን ልኬት የእናንተው ሠራተኛ በአንድ ደብተር ላይ ይጻፈው።

ጂሬን ቴክ፦
አራት ጉብኝት ቢሆን እኔ አልጠላም፣ ግን ውሉ በልኬት ይሁን። «ተፈትሿል» የሚል ወረቀት አትቀበሉ። የእያንዳንዱ ካሜራ የማታ ቮልት፣ ባትሪው ሳይረን ሲጮህ ያሳየው፣ የአጥሩ ሁለት ጫፍ፣ የዲስኩ ጤና፣ የአሮጌው ቅጂ ቀን በቁጥር ይጻፍ። ከጠራችሁት በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ መለዋወጫው በማን ወጪ እንደሆነም ይግባ። ዕቃ ከአዲስ አበባ ሲታዘዝ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ ግቢው ውስጥ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ይኑር፦ 1 ካሜራ፣ 1 ባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ፣ 10 ቢኤንሲ፣ 1 ዲስክ፣ 10 ኢንሱሌተር። ባትሪ ግን ገዝታችሁ አታስቀምጡ፣ ሳትሞላ መደርደሪያ ላይ ስትቀመጥ ትሞታለች።

ንብረት ክፍል፦
አሁን የሚፈቀደው አንድ ግዢ ብቻ ቢሆን የቱ ይቅደም?

ፊዩዝ፦
ቴስተርና የአጥር መለኪያ፣ ሁለቱን በአንድ ደረሰኝ አስቆርጡ። ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከሁሉም የራቀውን ካሜራ ለኩና ቁጥሩን እዚህ ጻፉት።